ሚራ ቀጥ ብላ ቆመች

ሚራ ሦስተኛው ጣሳ ላይ አፍንጫዋን ደቀነችና ቀጥ ብላ ቆመች። እስክንድር ገመዷን እንደያዘ ትንፋሹን ዋጠ። ተቀመጪ የኔ እናት ይላል ልቡ። አፉ ግን አይችልም፤ ፈተና ላይ ውሻን ማናገር ክልክል ነው።

ፈንጂ አነፍናፊ ውሻ ሽታውን ስታገኝ መቀመጥ አለባት። ሚራ ባለፈው ወር የፈንጂ ሽታ ያለበትን አንድ ጣሳ ዘላ ስላለፈች ዛሬ ጁባ ዳር ባለው ሸሪካት ሜዳ ላይ የመጨረሻ ዕድሏ ነው። ከወደቀች የመግደያ መርፌ ነው የምትወጋው፤ ፈንጂ የሚያጸዳው ድርጅት ያረጀ ውሻ ለማንም አይሰጥም።

እስክንድር እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም ነበር። ዶክተር ረፊቅ የሚባል ተመራማሪ ጁባ መጥቶ፣ የውሻን አንጎል ሥራ በብርሃን እያነሳ ኮምፒውተር ላይ የሚያሳይ ቆብ እንዳለው ሲሰማ ደጅ ጠናው። አፍንጫዋ ደህና መሆኑን ምስሉ ካሳየ እመሰክርላታለሁ አለው ሰውዬው። ችግሩ፣ ምስሉ እንዳይበላሽ ውሻዋ ነቅታ እያሸተተች ንቅንቅ ሳትል መቆም ነበረባት። እስክንድር ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህንኑ አስተማራት። ሽታው መጥቶ ሳትነቃነቅ በቆመች ቁጥር ኳስ ሸለማት። ምን ያድርግ፣ ሊያድናት ነው።

ዛሬም ቆቡን አጥልቃለች። ረፊቅ ከዛፉ ሥር ኮምፒውተሩን አየና አውራ ጣቱን አነሳ፤ አንጎሏ ሽታውን ለይቶታል። ሚራ ግን እንደቆመች ናት። ዞር ብላ ሽልማቷን ትጠብቃለች። ያኔ እስክንድር ገባው። በገዛ እጁ ነው ያበላሻት።

ፈታኟ ሒሩት፣ የድርጅቱ የእንስሳት ሐኪም፣ ረጅሙ ሣር ስለከለላት ከማዶ ጠየቀች። በደንቡ መልሱን የሚሰጠው ገመዱን የያዘው ሰው ነው።

"ጋሽ እስክንድር፣ ተቀመጠች?"

"ሽታውንማ አውቃለች። ረፊቅን ጠይቂው።"

"እሱን አልጠየቅሁዎትም። ነገ ከኋላዋ ፈንጂ ሊያወጣ የሚገባው ባልቻ ነው። ባልቻ አንጎሏን አያይም፤ መቀመጧን ነው የሚያየው።"

"ሁለት ሳምንት ስጪኝ፣ መልሼ አስተምራታለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"በኔ እጅ ቢሆን እሰጥዎት ነበር። እውነቴን ነው።" ድምጿ ዝቅ አለ። "ጋሼ፣ ከዚህ ሆኜ አይታየኝም። ያሉኝን ነው የምጽፈው።"

ሒሩት ይህን ያለችው አዝናለት እንደሆነ ያውቃል። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈለገው። ባልቻ ትናንት ማታ አብሮት እራት በልቷል፤ ሁለት ልጆች አሉት። ሚራ ጭራዋን ትቆላለች። አንገቷን አቀፈና ፊቱን ጠጉሯ ውስጥ ደበቀ።

"አልተቀመጠችም" አለ። "ጻፊው።"