ከባሕሩ የጎደለው

ማክሰኞ ጠዋት ከጅቡቲው የታጁራ ባሕር አንድ ቁራጭ በባቡር አዲስ አበባ ገባ። መጠኑ ቁም ሣጥን ያክላል። ለቡ ወርዶ ሚኒባስ ተሳፈረ፤ ረዳቱ የሁለት ሰው ከማስከፈሉ በቀር ምንም አላለውም። ከዚያ ናሁሰናይ የሚሠራበት ቤተ ሙከራ በር ላይ ደርሶ ቆመ።

ጥበቃው ጋሽ ደምሰው ወደ ውስጥ ደወሉ።

«ዶክተር፣ እንግዳ አለዎት። መታወቂያ አልያዘም።»

«ማን ነው?»

«ባሕር ነኝ ነው የሚለው። ሁሉም አይደለም፣ ጥቂቱ ነው። ፈትሼዋለሁ፣ ስለት የለውም። መሐሉ ላይ ግን ክፍት ቦታ አለ።»

ናሁሰናይ ክፍት ቦታው ምን እንደሚመስል አልጠየቀም። «ያስገቡት» አለ።

ናሁሰናይ ከባሕር ፍጥረታት መድኃኒት ለማግኘት የሚደረግ የአራት አገሮች የጋራ ምርምር ይመራል። ገና ወጣት ነው። አንድን ናሙና ሦስት ጊዜ ይመዝናል፤ ሦስቱም እኩል ከመጡ ሚዛኑን ይጠራጠራል። ስፖንጅ የሚባለው የባሕር ፍጥረት ሲቆረጥ ሥሩ ድንጋዩ ላይ ቀርቶ መልሶ እንዲያድግ የሚያዝዘውን ደንብ ያረቀቀው እሱ ነው። አምና ግን ዋና ስለማይችል የጀልባውን ጠርዝ ጨብጦ ቆሞ ሳለ፣ ጠላቂው ሑመድ ብቅ ብሎ «ልቁረጠው?» ሲለው፣ «ሥሩንም ጨምረህ አምጣው» አለ። ሑመድ በትክክል የሰማ ስላልመሰለው ደግሞ ጠየቀ። ናሁሰናይም ደግሞ መለሰለት። ባሕር የሌለው አገር ልጅ ነውና፣ ባሕር አንዴ ካመለጠ ዳግመኛ የሚገኝ አልመሰለውም። ለባልደረቦቹ ግን ሥሩ ቀርቷል አላቸው።

ከስፖንጁ የወጣው ንጥር፣ መድኃኒት የተላመደውን የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ገደለ። አሁን ንጥሩ አልቋል። ሐሙስ ጀልባ ተነሥታ መልሶ ያደገውን ቆርጣ ትመጣለች ተብሎ ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ ኃይለኛ ነፋስ ስለሚነሣ ሌላ ስፖንጅ ለመፈለግ ጊዜ አይኖርም።

ባሕሩ ስብሰባ ክፍል ገብቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወለሉን አላረጠበም። የናሁሰናይ የሥራ ባልደረባ ሰብለ ቀና ብላ አየችው።

«ይሄ ደግሞ የኛ ናሙና ነው?»

«እንግዳ ነው።»

«ታዲያ ውኃ እንኳ አትለውም?»

ባሕሩ መሐል ያለው ክፍት ቦታ ከላይ ሰፊ ነው፤ እየወረደ ይጠብና ሥሩ የነበረበት ላይ ያልቃል። ናሁሰናይ ከላይ እስከ ታች ካየው በኋላ ዓይኑን መለሰ።

«ምን ፈልገህ መጣህ?» አለው በቀስታ።

«ቦታው ባዶ ነው» አለ ባሕሩ። «ሌላ ጉዳይ የለኝም።»

የአራቱ አገሮች ስብሰባ ተጀመረ። ስክሪኑ ላይ የጅቡቲዋ ተመራማሪ ዶክተር ፈርሒያ ከሌሎቹ ቀድማ ቀረበች። ድሬዳዋ ስላደገች ከናሁሰናይ ጋር የምታወራው በአማርኛ ነው።

«ናሁ፣ ሐሙስ አዲሱን ጠላቂ እልካለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅህ፤ ሥሩ ድንጋዩ ላይ አለ አይደል?»

«አለ» አለ ናሁሰናይ።

ባሕሩ ወንበሩን ወደ ካሜራው ጠጋ አደረገ። ክፍት ቦታው ስክሪኑን ሞላው። የስፖንጁን ፎቶ ሁሉም ዓመት ሙሉ ሲያዩት ስለከረሙ ቅርጹን ለማወቅ አልተቸገሩም። ሥሩ የነበረበትም አብሮ ተከፍቷል። ፈርሒያ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና መልሳ አደረገችው።

«ጀልባዋን ላስቀራት» አለች። ቁጣ የሚባል ነገር ድምጿ ውስጥ አልነበረም። «ሑመድ ነግሮኝ ነበር። ‹ሥሩን ነቅለነዋል› ሲለኝ አንተን አምኜ ሐሰተኛ አልኩት። ከሥራም አሰናበትኩት።»

ናሁሰናይ ጆሮው ድረስ ጋለ። የሌሎቹ አገሮች ሰዎች አንድ በአንድ ደህና ዋል እያሉት ወጡ። አንዳቸውም ስንብቱን አላሳጠሩበትም። ሰብለም ዕቃዋን ሰብስባ፣ በሩ እንዳይጮህ በእጇ ይዛ ዘጋችው።

«ቦታው እንዴት ይሞላል?» አለ ናሁሰናይ።

«ይቀመጡበታል» አለ ባሕሩ።

ናሁሰናይ ጋዋኑን አውልቆ በጥንቃቄ አጠፈና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሲወጡ ጋሽ ደምሰው በሩን ያዙላቸው።

«አብራችሁ ናችሁ?»

«አዎ» አለ ናሁሰናይ።

በማግስቱ ድሬዳዋ ጣቢያ የቆሙ መንገደኞች በባቡሩ መስኮት ውኃ ወንበር ላይ ተቀምጦ አዩ። ክፍት ቦታ አልነበረበትም። ውስጡ አንድ ወጣት ጉልበቱን አቅፎ፣ ከላይ ሰፍቶ ከታች ጠቦ ተቀምጧል። ፀጉሩ ወደ ላይ ቆሟል። ዓይኑ ተገልጧል፤ የሚያየው ግን ወለሉን ብቻ ነው። ትንንሽ ብርማ ዓሦች በሸሚዙ እጅጌ ተራ እየጠበቁ ይገቡ ነበር። ባቡሩ እስኪንቀሳቀስ ድረስ የወጣ አንድም አልነበረም።