የማክሰኞ ውሃ

አስካለ ጨዉን በማንኪያ ጀርባ እየደፈጠጠች ሳፋው ውስጥ አሟሟችው። ሦስት ሊትር ውሃ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ጨው። ባሏ ሀብቴ ዓሣው በታመመ ጊዜ ሲያደርግ በሩ ላይ ቆማ ያየችው ይህንኑ ነው። ያኔ ጠጋ ብላ ብትጠይቀው ኖሮ የቀረውንም ታውቅ ነበር።

ዓሣውን በሻይ ማጥለያ አውጥታ ሳፋው ውስጥ ለቀቀችው። ጎኑ ላይ ቅርፊቱ ተገፎ ቀይ ሥጋ ይታያል። ከትናንት ወዲያ ሀብቴ ሲቀበር፣ ለለቀስተኛው ፍራሽ እንዲነጠፍ የሳሎኑ ዕቃ ሁሉ ወጣ። ጎረምሶች የዓሣውን መስታወት ከነውሃው ተሸክመው ጓዳ ሲያስገቡ ውስጡ ያለው ድንጋይ ተንዶ ዓሣውን ገሸለጠው።

ስልኳን አምስት ደቂቃ ላይ ሞላች። ሁለቱ ሳይደርስ ጎረቤቷ ብርቱካን መጋረጃውን ገለጠች።

«አስኩ፣ ከውርጌሳ ሰዎች መጥተዋል። ነይ ውጪ።»

«ሦስት ደቂቃ ብቻ።»

«ባሏን ቀብራ ከዓሣ ጋር ትጫወታለች ይሉሻል።»

አስካለ ጥርሷን ነክሳ ዓሣውን ወደ መስታወቱ መለሰችው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች።

ፍራሹ ላይ ስትቀመጥ ከኋላዋ አንዷ ለሌላዋ «ዓሣ ነው አሉ የምታስታምመው» ስትል ሰማች። «ሐዘን እንዲህ ያደርጋል» አለች ሌላዋ።

ሀብቴ በርና መስኮት ሠሪ ነበር። መስታወቱን የገጣጠመው ከመስኮት በተረፈ ቁራጭ ነው። ዓሣውን ደግሞ ከአዲስ አበባ እስከ መርሳ በማር መያዣ ፕላስቲክ፣ በጉልበቱ መሀል አድርጎ በአውቶቡስ አመጣው። «ዓሣ ይበላል እንጂ ይቀለባል?» ብላው ነበር። ውሃ በቀዳ ቁጥር ጀሪካኑን ሳይከድን ያሳድረዋል፤ የቧንቧው መድኃኒት ዓሣ ይጎዳል ይላል። እንዳይሳሳትም የቀዳበትን ቀን በፕላስተር ላይ ጽፎ ይለጥፍበታል።

«ደግሞ ውሃ ቀጠሮ አለው?» ትለዋለች።

«ካንቺ ይሻላል፣ በቀጠሮው ይገኛል።»

የውርጌሳ ሰዎች ሲነሱ ወደ ጓዳ ተመለሰች። የሀብቴ አባት ጋሽ ወርቁ መስታወቱ ፊት ቁጢጥ ብለዋል። ውሃው ደፍርሷል። ከሥሩ ስንዴና ሽምብራ ተዘርግፏል።

«አባባ፣ ምን ሰጡት?»

«ንፍሮ ነዋ። የልጄ ለቀስተኛ ሁሉ ሲቀምስ እሱ ብቻውን ጦሙን ይደር?» አሉ ሽማግሌው። «አንዲት ፍሬ አልነካም። እሱም ገብቶታል መሰለኝ።»

እኚህን ሰው ምን ትበላቸው? ውሃው መቀየር አለበት። ከመስኮቱ ሥር ያለውን ቢጫ ጀሪካን አነሳችው። እጇ ባዶውን ይዞ ወደ ላይ ተስፈነጠረ።

«ብርቱካን፣ እዚህ የነበረው ውሃስ?»

«የቧንቧው ውሃ ሄዶ በሱ ብርጭቆ አጠብን። አሁን መጥቷል፣ ልቅዳልሽ?»

«ሀብቴ የቀዳው ነበር።»

ብርቱካን ጀሪካኑ ላይ ያለውን ፕላስተር አየችው። ማክሰኞ ይላል። ሀብቴ ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ነው የሞተው።

«በምን አውቄ፣ አስኩዬ።»

«አልነገርኩሽማ» አለች አስካለ። ንዴቷ ማንም ላይ አላርፍ አላት። እሱስ መች ነገራት? እሷስ መች ጠየቀችው?

ዓሣው አፉን ከውሃው በላይ አውጥቶ መክፈት ጀመረ። ያን ጊዜ ሳፋውን አየችው። ጨዉን ያሟሟችው ጠዋት ከዚያው ጀሪካን ቀድታ ነበር። የማክሰኞው ውሃ የቀረው እዚያ ብቻ ነው። ዓሣውን አውጥታ ለቀቀችበት። አንዴ ዞረ፣ ከዚያ ከሥር ጸጥ ብሎ ቆመ። እስከ ነገ ጨዉን ይቻለው።

ጋሽ ወርቁ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው፣ ንፍሮውን ከመስታወቱ አንድ አንድ እያሉ መልቀም ጀምረዋል። አላስቆመቻቸውም።

ጀሪካኑን ይዛ ወደ ቧንቧው ወጣች። ሞልታ ስትመለስ ክዳኑን ሳትገጥም ፕላስተር ቆረጠች። ዓርብ ብላ ጻፈች፤ ማክሰኞን ሳታነሳ ከሥሩ ለጠፈችው። ከዚያ ጀሪካኑን በእግሯ ገፋ ገፋ አድርጋ የሰው እጅ ከማይደርስበት ጥግ አስጠጋችው።