የአባባ ገብረ ሚካኤል ሙቅ ጥግ

ሽሮ ሜዳ በሚገኘው የሸማኔዎች አዳራሽ ውስጥ አንድ የታወቀ ጥግ አለ። የጥቅምት ውርጭ ከእንጦጦ ወርዶ የሁሉንም ጣት ሲያደነዝዝ፣ እዚያ ጥግ ብቻ ይሞቃል። የሚያዘው በዕድሜ ነው። አንዱ ሽማግሌ ሲደክም ቀጣዩ ዕቃውን ይዞ ይገባበታል፤ ጎረምሳ አይመኘውም፣ ቢመኘውም አይናገርም። አሁን ተራው የአባባ ገብረ ሚካኤል ነበር።

"ሌላው በጥቅምት አንድ አጥንት ይላል፣ አንተ ግን ጥግህ ይበቃሃል" ይላቸው ነበር ጓደኛቸው ሶሬሳ።

"ሚካኤል ነው የሚያሞቀኝ፤ እናንተም ዝከሩት" ይላሉ እሳቸው። ኩራታቸው ለጉድ ነው።

ጥጉ ለምን እንደሚሞቅ የጠየቀ ግን አልነበረም። ከአባባ ራስ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ የሕንጻው የመብራት ሳጥን ተገጥሟል። ከመንገድ የሚመጡት ወፋፍራም ኬብሎች እዚያ ገብተው ለሸማኔዎቹም፣ ፎቅ ላይ ላሉት የጥልፍ ሠሪዋ የብርቅነሽ ማሽኖችም ኃይል ያከፋፍላሉ። አባባ ሳጥኑ ላይ እርጥብ ድር ያሰጡበታል፤ ከፀሐይ ይልቅ ቶሎ ያደርቃል ብለው ለሌላውም ይመክራሉ።

ልጃቸው አዲሳለም ሽመናውን አልወረሰችም። ኤሌክትሪክ ተምራ አንድ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች፤ ካገባች ወዲህ ኑሮዋ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ አያት ሰፈር ነው። አባቷን ትወዳለች፣ የምትደውለው ግን ለበዓል ነው። ሥራዋ መብራት ሳጥን ውስጥ ኬብሎች የሚታሰሩበትን ቦታ ሙቀት እየለኩ ያለ ሽቦ የትም ወዳለ ስልክ የሚልኩ ትንንሽ ሴንሰሮች መግጠም ነበር። የሸማኔዎቹ ማኅበር ለአዳራሹ እንዲገጠምለት ሲጠይቅ የተላከችው እሷ ሆነች። አባባም "የኔ ልጅ ናት" እያሉ ለሚያውቋትም ለማያውቋትም አስተዋወቋት።

መብራቱን አጠፋች፤ ሦስቱ ኬብሎች ላይ አንድ አንድ ሴንሰር አሰረችና መልሳ አበራች። ፎቅ ላይ የጥልፍ ማሽኖቹ መንጫጫት ጀመሩ። ስልኳ ላይ ሁለቱ ኬብሎች ሠላሳ ምናምን ዲግሪ ላይ ረጉ። ሦስተኛው ግን ስልሳን አለፈ፣ ሰማንያን አለፈ፣ ዘጠና ደረሰ። ቀና ብላ ሳጥኑ ላይ የተሰጣውን ጥጥ አየች፤ ከሥሩ የተቀመጡትን አባቷን አየች። ሮጣ መብራቱን አጠፋች።

"አባባ፣ ድሩን ያንሱት! የኬብሉ ቡሎን ላልቷል። ሲላላ ይግላል፣ ሲግል ይብስ ይላላል። አንድ ቀን ይኼ ጥጥ ይያያዛል፤ እርስዎ ደግሞ ከሥሩ ነዎት።"

አባባ ድሩን አላነሱም። "ልታጠብቂው ነው?"

"አዎ።"

"ከዚያ በኋላስ ይሞቃል?"

"አይሞቅም።"

ጣቶቻቸውን ዘርግተው አሳዩዋት፤ መገጣጠሚያቸው አብጧል። "እነዚህ በብርድ መወርወሪያ አይዙም። ቤት ልታውዪኝ መጣሽ በይኛ!"

አዲሳለም እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤት ባዶ እንደሆነ ታውቃለች፤ አባቷን ያቆማቸው ይኼው ሽመና ነው። ቢሆንም የተቃጠለውን የኬብል ጫፍ ቆርጣ ቀየረች፣ ቡሎኑን አጠበቀች። መብራቱ ሲመለስ ሦስቱም ኬብሎች አንድ ዓይነት ሆኑ። ሁሉም አመሰገናት፤ አባባ ብቻ ጀርባቸውን ሰጧት።

በማግስቱ ሶሬሳ ደወለ። "አንቺ ልጅ፣ ከእሳት አዳንሻቸው፤ እሺ። አሁን ግን ገና ረፋዱ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ቤት ሄዱ።"

ቀኑን ሙሉ ሥራዋ አልጨበጥ አላት። ማታ ላይ አንድ ትርፍ ሴንሰር እንዳላት ትዝ አላት። ወስዳ ለሶሬሳ ሰጠችውና፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ እያደረገ አዳራሹን እንዲያዞረው ነገረችው። እሷ አያት ሰፈር ሆና በስልኳ ታነባለች። በሩ አጠገብ ብርድ፣ መሐሉ ብርድ። አሮጌ ጆንያ የተከመረበት የምሥራቁ መስኮት ሥር ግን ማልዶ ፀሐይ ይገባል፤ ግድግዳውም እስከ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱን ይይዛል። ያን ቦታ ማንም ሞክሮት አያውቅም፤ ሙቀት ማለት የሽማግሌው ጥግ ነዋ!

ቅዳሜ ማለዳ ሸማኔዎቹ እሷ በነገረቻቸው መሠረት ጆንያውን አነሱ፤ ለአባባ ሲሸምኑ እግራቸውን የሚያስገቡበት አዲስ ጉድጓድ ቆፈሩ። "ሽማግሌ ከቦታው ይነቀላል?" እያሉ አባባ ሲነጫነጩ ቆዩ። ከዚያ ተቀመጡ። ፀሐይዋ ጉልበታቸው ላይ አረፈች። ጥሩ ነው አላሉም፤ ግን ያን ቀን ከሁሉም ኋላ የተነሱት እሳቸው ነበሩ።

ሴንሰሩን አዲሳለም ከሽመና ዕቃቸው ቋሚ ጋር አሰረችው። "በጣም ከበረደ ወይም ከጋለ ስልኬ ይጮሃል፤ ያኔ እደውላለሁ" አለቻቸው። አባባ አገላብጠው አዩት።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ስልኳ ጮኸ። የአባባ ሴንሰር ስልሳ ዲግሪ ይላል። ወዲያው ደወለች።

"አባባ! ምንድን ነው የሚነደው?"

"ምንም አልነደደም።"

"ስልሳ ይላል እኮ!"

"ፈትቼ ሻይ ብርጭቆ ላይ አስደግፌው ነው።"

"ለምን?"

የመወርወሪያው ድምፅ ተሰማ፤ አንዴ ሄደ፣ አንዴ ተመለሰ።

"ሲግል እንደምትደውዪ ነግረሽኝ የለ?" አሉ አባባ። "ምሳ በላሽ?"

ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ሳቅ ነው፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ። ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።

"አልበላሁም፣ አባባ" አለች። "እርስዎስ?"