ሃያኛው አግዳሚ

«ሠርጉስ እንዴት ሆነ? መቼም አይቀርም አይደል?» አለች ሬዲዮ ሻይዋን ፉት እያለች።

ሙሽሪት ነጠላዋን ሰብስባ ፊቷን አዞረችባት። አባቷ ከተቀበረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሰፈሩ ግን ቀለበት ያሰረች ዕለት ያወጣላትን ስም አልተወም፤ በጥቁር ልብስም ሙሽሪት ናት። ጎረቤቷን ሬዲዮ ያሏት ደግሞ ማንም ሳይከፍታት ስለምታወራ ነው። ሦስቱንም ቀን ቀድማ የገባች፣ ዘግይታ የወጣች እሷ ናት።

«እትዬ፣ እስቲ ዛሬን እንኳ ተይኝ።»

«ምን አልኩ? የአዳራሹ ቀብድ እንዳይበላ ብዬ ነው እንጂ! ደግሞ ይኼ ሁሉ ሰው እስከ መቼ ይቆማል?»

እሱስ እውነቷን ነው። ሐዘንተኛው ሳሎኑን ሞልቶ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ሙሽሪት የቆሙትን አንድ በአንድ ስታያቸው ፊቷ በሐፍረት ጋለ። አባቷ ከሠርጉ ጥሪ የሰረዛቸው ሁሉ መጥተዋል።

አባቷ አናጺ ነበር፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ እናትም አባትም ሆኖ ያሳደጋት፣ እርሳስ ከጆሮው ጀርባ የማይጠፋ ሰው። አዳራሹ በወንበር ቁጥር እንደሚያስከፍል የሰማ ቀን ያን እርሳስ አውርዶ ከሁለት መቶው ተጠሪ ሰማንያውን ሰረዘ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ይላል፣ አንድ ስም ይሰርዛል። ደግሞ ይላል፣ ደግሞ ይሰርዛል። አበባውን ቀነሰ፣ ኬኩን ከአራት ፎቅ ወደ ሁለት አወረደ፣ መኪናውን «እግር የላችሁም?» ብሎ አስቀረ። ሁለት ወር ሙሉ አንጀቷን አሳረራት። ሬዲዮን የሰረዘ ማታ ግን ትዕግሥቷ አለቀ።

«እናቴ ከሞተች ጀምሮ ጸጉሬን የሠራችኝን ሴትዮ?»

«ወንበር የለማ፣ ልጄ።»

«አንተ ቋጣሪ! የራስህን ቀብርም በቅናሽ ነው የምታስደርገው!»

አባቷ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ወጣ። በማግስቱ ጠዋት ሥራ ቤቱ ውስጥ እንዳለ ልቡ ቀጥ አለ። ያቺን ቃል ይኸው እስከ ዛሬ መዋጥም መትፋትም አቅቷታል።

በሩ ላይ የጭነት መኪና ቆመ። የአባቷ የሥራ ሸሪክ ወረደና «ሰው ቆሞ ሲያዝን አላስችል ብሎኝ ነው፤ አራግፉ!» አለ። ቀለም ያልነካቸው፣ ከትርፍራፊ ጣውላ የተሠሩ ሃያ አግዳሚ ወንበሮች ወረዱ።

«የማን ትእዛዝ ነው፣ ጋሼ?»

«ያንቺ ነዋ! አባትሽ ሁለት ወር ሙሉ ከሥራ በኋላ የሚቀጠቅጠው ይኼን ነበር። አንዱ አራት ሰው ይይዛል። ‹አዳራሹ የሚያስከፍለኝ በራሱ ወንበር ነው፤ የራሴን ይዤ ብመጣ ማን ይጠይቀኛል? የሰረዝኳቸውን አንድ ሳላስቀር እጠራለሁ› ይል ነበር። እስኪያልቅ እንዳልነግርሽ አስምሎኛል።»

«ቢነግረኝ ምን ነበረበት!» ብላ ጮኸች። «ምን ነበረበት!» እንዲህ የተናደደችበት ቀን አልነበረም፤ እንዲህ የናፈቀችውም።

ስልኳ ጠራ። የአዳራሹ ባለቤት ነው።

«ነፍስ ይማር። ሐዘን ላይ መሆናችሁን አውቃለሁ፤ ግን የወንበሩን ቁጥር ዛሬ ካላወቅኩ ቀብዱ...»

«ሠርጉ ይገፋል እንጂ አይቀርም። መቶ ሃያ ወንበር ያንተ። የቀረው ሰማንያ ሰው በአባቴ ወንበር ነው የሚቀመጠው።»

«እንዴት ተደርጎ? እንዲህ ያለ አሠራር የለንም!»

«ክርክር ካለህ ከሱ ጋር ነው» አለችና ዘጋችው።

ሬዲዮ መጨረሻ በወረደው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘች። «ኧረ ይኼስ ሊጥለኝ ነው!»

«እሱን ሳይጨርሰው ነው...» አለ ሸሪኩ።

ሙሽሪት ሦስት ቀን ሙሉ በኪሷ ይዛው የዞረችውን የጥሪ ዝርዝር አወጣች። ሰማንያ ስም በእርሳስ ተሰርዞበታል። አራት ላይ አጠፈችው፣ ተንበረከከች፣ አጭሩ እግር ሥር ሸጎጠችው።

«አሁንስ፣ እትዬ?»

ሬዲዮ ወዲያና ወዲህ ብላ ሞከረችው። «አሁንማ ጸና» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።