መርዶ በምሳ ሰዓት

መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። አትላንታ ገብተንም ይህን አልተውነውም። ሐበሻ በሞላበት በእኛ ሰፈር በክላርክስተን ቅዳሜ ማለዳ፣ ሰው ከአልጋው ሳይወርድ፣ ሦስት መኪና መብራቱን አጥፍቶ ደጃችሁ ላይ ቢቆም፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶችም በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ቢወርዱ፣ ነጋሪ አያስፈልጋችሁም። ሰዓቱ ራሱ ግማሹን ይናገራል። እኛ ለአሰፋሽ መርዶ ይዘን የደረስነው ግን እኩለ ቀን ላይ፣ በምሳ ሰዓት ነው። ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው፤ ከዚህና ከእኔ እልኸኝነት።

አሰፋሽ አስራ ዘጠኝ ዓመት ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ኖራለች። ከአልጋዋ ስትወርድ ጣሪያዬ ይነግረኛል። ስኳር ሲያልቅብኝ በመጥረጊያው እንጨት ጣሪያውን ሁለቴ ነካ አደርጋለሁ፣ እሷ ስኳሩን ይዛ ትወርዳለች። ሁለታችንም ኤርፖርት ዊልቸር ስንገፋ ነው ያረጀነው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጅ አልወለደችም። ከዘመድ ያላት አዳማ የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ካሳሁን ብቻ ነበር። እናትም አባትም ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው።

ከእኔ የወሰዳት ሳል ነው። አትላንታ በየፀደዩ መኪናው ሁሉ የዛፍ ብናኝ ለብሶ ቢጫ ሲሆን እሷ መተንፈስ ያቅታታል። ሐኪሟ የባሕር አየር ይስማማሻል አላት፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ስልኳ ላይ ተተክላ ቀረች። በመጨረሻ እዚሁ ጆርጂያ ውስጥ፣ ከእኛ አምስት ሰዓት የሚያስነዳ፣ ውቅያኖሱ አፍ ላይ ያለ አንድ ካውንቲ አገኘች።

«ተናኘ፣ እስኪ እይው። ትራፊክ የለ፣ ጫጫታ የለ፣ አየሩ ክሊን ነው። ኳሊቲ ኦፍ ላይፍ ይሉሻል ይሄ ነው!»

«ሐበሻስ አለ?»

«ቀስ እያለ ይመጣል።»

«ውሃ ካማረሽ ፓይን ሌክ ሐይቁ አለልሽ አይደል እንዴ? አስር ደቂቃ ነው። ዳክዬም አለው።»

እሷ ሳቀች፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» አልኳት። «ሰይጣኑ አላስተነፍስ አለኝ እኮ» አለችና ሳሏ መጣባት።

ሄደች። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ «አሰፋሽ ባሕር ዳር ገባች» ተብሎ ተወራ። አንዲት ሴትዮ እውነት ጎጃም የወረደች መስሏት ባሕር ዳር ላለችው እህቷ የሚላክ መድኃኒት በፌስታል አንጠልጥላ እኔ ቤት መጣች። ለአሰፋሽ ደውዬ ስነግራት ትን እስኪላት ሳቀች። ስታበቃ «አንቺስ መቼ ነው የምትመጪው?» አለችኝ።

ይህንኑ ሁለት ዓመት ጠየቀችኝ። ለፋሲካ ኑ፣ ለሌበር ዴይ ኑ፣ ኧረ ለአንድ ቀንም ቢሆን ኑ። እኔም ሺፍት አልለወጡልኝም እላለሁ፣ መኪናዬ ቼክ ኢንጅን አበራች እላለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ተቀይሜአት ነበር። ጥላኝ የሄደችው እሷ ናት፣ ስትናፍቅ ራሷ ትምጣ ብዬ ነበር። ጣሪያዬ ላይ አሁን የማላውቃቸው ሰዎች ይራመዳሉ፤ እነሱ በተራመዱ ቁጥር ቅያሜዬ ይታደሳል።

ባለፈው መስከረም፣ አርብ ዕለት ከሥራ ስወጣ የካሳሁን ልጅ ኑሃሚን ከአዳማ ደወለችልኝ።

«እትዬ ተናኘ፣ አባዬ አረፈ። ትናንት ቀበርነው። አክስቴ ብቻዋን ናት፣ በስልክ እንዳትሰማ። ሰው ፌስቡክ ላይ ሳይለጥፈው እባክዎን ድረሱላት።»

ወዲያው ለእድራችን ዳኛ ለጋሽ ኃይለመስቀል ነገርኳቸው። ሶፍያም እሄዳለሁ አለች፤ አሰፋሽ ሥራ አስገብታ፣ መኪና መንዳት አስተምራ፣ እንደ ልጇ የያዘቻት ናት። ሌሊት ተጉዘን ማለዳ መድረስ ነበረብን። ግን ጋሽ ኃይለመስቀል በጨለማ መንዳት ትተዋል፣ የእኔ መኪና አምስት ሰዓት አትችልም፣ ሶፍያ ደግሞ ኖርክሮስ ካለው መጋዘን ከሌሊት ፈረቃ የምትወጣው ሲነጋ ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ በሶፍያ መኪና ተነሳን።

«ጋሼ፣ ላይክ፣ ምሳ ሰዓት እኮ ነው የምንደርሰው» አለች ሶፍያ። «ኦኬ ነው ግን?»

«ምን ይደረግ ልጄ? መርዶ በዚህ ሰዓት አርድቼ አላውቅም። መንገዱ ነው የረዘመብን።»

ነጠላዎቻችንን በፌስታል ጠቅልለን ትራንክ ውስጥ ከተትን። ከመስኮት አይታን ብቻዋን እንዳትወድቅ፣ የአዘቦት ልብስ እንልበስ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰማያዊ ሹራቤን ለብሼ ነበር፤ የደስ ደስ ያለውን። ብልሃት መስሎኝ ነው።

ቤቷ ትንሽ ነጭ ቤት ነው፣ ደጁ ላይ ሁለት ወንበር አለ። መኪናው ሳይቆም በሩ ተበረገደ።

«እልልልል! ሶፊዬ! ጋሼ! እናንተ ሰዎች ሰርፕራይዝ ልታደርጉኝ ነው?» በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣች። እኔ ጋ ስትደርስ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። «አንቺ እልኸኛ! መጣሽልኝ! በመጨረሻ መጣሽልኝ!»

ጋሽ ኃይለመስቀል ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አሰፋሽ ልጄ፣ እንግዲህ...»

«ጋሼ መጀመሪያ ይግቡ! ደጅ ላይ ቆሞ ምን ጨዋታ አለ? እርስዎን የሚያህል ሰው ቤቴ መጥቶ!»

ገባን። እጄን ይዛ ወደ አንድ ክፍል ወሰደችኝ። ሁለት አልጋ አለበት፤ አንሶላው ማንም እንዳልተኛበት ያስታውቃል። «ይሄ የእናንተ ነው» አለች። «በየወሩ አጥበዋለሁ፣ መልሼ አነጥፈዋለሁ። ጎረቤቴ ሚስ ዶና፣ ማን ሊተኛበት ነው ትለኛለች።» ትራሱን ነካ ነካ አደረግሁ።

ሳሎን ስንመለስ ጋሽ ኃይለመስቀል በዓይናቸው ጠየቁኝ። «ትብላ መጀመሪያ» አልኳቸው በሹክሹክታ። ባዶ ሆዷን እንዳትሰማ ብዬ ነው ያልኩት፤ ነገሩ ግን ፈሪ ሆኜ ነው።

በበርበሬና በቅቤ የተጠበሰ ሽሪምፕ አቀረበችልን። ጋሽ ኃይለመስቀል ይህን ትል መሳይ ነገር እንኳን ሊበሉት ስሙ ሲጠራ የሚያማትቡ ሰው ናቸው። የዚያን ቀን ጎረሱ። አጎረሰቻቸውም፣ ዋጡት። ሶፍያ ለቅሶዋ በመጣባት ቁጥር መታጠቢያ ቤት ትሄዳለች። አሰፋሽ «ይቺ ልጅ መንገዱ አሟታል እንዴ?» ትላለች፣ ደግሞ ታወራለች። ጠዋት ጠዋት በባሕሩ ዳር እንደምትሄድ፣ ስትዘጋም ሳትዘጋም በሯን የሚነካው እንደሌለ፣ የሳሉን መድኃኒት ካቆመች ዓመት እንዳለፋት። ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት፤ ከደረስን ጀምሮ አንዴም አልሳለችም። ፊቷ ሞልቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ የቀለድኩበት ኳሊቲ እውነት ነበር። የጎደላት ሰው ነው፣ እሱንም ሳትደብቅ ጠይቃናለች።

ሚስ ዶና ውሻዋን ይዛ በደጅ ስታልፍ አሰፋሽ ወጥታ ጠራቻት። «ቤተሰቦቼ ናቸው!» አለቻት በእንግሊዝኛ። «ከአትላንታ እኔን ሊያዩ ነው የመጡት!» ሴትዮዋ እጃችንን አንድ በአንድ ጨበጠችና ስለ እናንተ ብዙ ሰምቻለሁ አለችን።

ተመልሳ ስትገባ ስልኳን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች።

«ቆይ፣ ለካሳሁን ልደውልለት። በደወለ ቁጥር ‹ሰው በሌለበት አገር ብቻሽን ገብተሽ› እያለ ይጨቀጭቀኛል። ዛሬ አፉን ነው የማዘጋው! ኑ ተሰብሰቡ፣ ሶፋው ላይ ተጠጋጉ፣ ሁላችሁም እንድትታዩ።»

አሁን መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ሶፋው ላይ ቦታዬን ያዝኩ። እሷ መሐል ተቀመጠች፣ እኛ ከኋላዋና ከጎኗ ሆንን፣ ስልኩን ክንዷን ዘርግታ ያዘችው። መጥራት ጀመረ። የዚህ የቪዲዮ ስልክ ክፉነቱ፣ ያ ሰው እስኪያነሳ ድረስ የሚያሳየው የራስን ፊት ነው። አንዴ ጠርቶ ተቋረጠ። «መሽቶባቸው ይሆናል፣ ግን ለኔ ይነሳል» አለችና ደገመችው። ፀጉሯን አስተካከለች፣ ፈገግ አለች፣ ከዚያ ከፈገግታዋ በላይ ያሉትን ፊቶች አየች። ሶፍያ አፏን በእጇ ይዛ ታለቅሳለች። የጋሽ ኃይለመስቀል ጺም ርሷል። የእኔንም እዚያው አየሁት።

«ምን ሆናችሁ?» አለች፣ ዞራ ሳይሆን ወደ ስልኩ።

ስልኩ አሁንም ይጠራል። እጇን ቀስ ብላ ጉልበቷ ላይ አወረደችው።

«ካሳሁን ነው?»

«እግዚአብሔር ያጥናሽ ልጄ» አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል።

ይጮኻል ብዬ የጠበቅኩት አንደበቷ አልጮኸም። ሳህኖቹን አየች፣ ሹራቤን አየች፣ እኔን አየችኝ።

«እኔ እኮ» አለች፣ «እኔን ብላችሁ የመጣችሁ መስሎኝ።»

ጩኸቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ክላርክስተን ቢሆን ቤቱ፣ ደረጃው፣ ፓርኪንጉ ሁሉ በሰው ይሞላ ነበር፤ አልቃሹ አልቃሽ ይቀበለዋል፣ ማን ለማን እንደሚያለቅስ ሳይታወቅ ሐዘኑ ለሁሉም ይዳረሳል። እዚያ ሦስት ነበርን። ደረታችንን ብንመታ፣ ነጠላችንን ብናዘቀዝቅ፣ ለቅሶአችን ያችን ሳሎን እንኳን አልሞላም። ሦስታችንም ሰኞ ሥራ ስላለን ደግሞ እሁድ ከሰዓት ልንነሳ ሆነ።

«አብረን እንሂድ» ብዬ ለመንኳት። «ሐዘንሽን እዚያ ተቀመጪ። እዚያ ሰው ይመጣል።»

«እዚህም መጥቷል» አለችኝ።

እዚያው ትተናት ወደ አትላንታ ተመለስን። ከዚያ በኋላ በደወልኩላት ቁጥር ታነሳለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን ትላለች፣ ነይ ግን ብላኝ አታውቅም። ያ ጥያቄ ሲቀር ነው ምን ያህል እጠብቀው እንደነበር ያወቅኩት።

ኅዳር ላይ አራት ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ። መኪናዬን አሠራሁ፤ ለካ ሊሠራ ይችል ነበር። ሳልደውልላት ሄድኩ። ከነገርኳት አትድከሚ ትለኛለች ብዬ ፈራሁ፣ ደግሞ ድንገት ሳያት ደስ እንዲላት ፈለግሁ። ማንም አልሞተም፣ ማንም አላገባም፣ ምክንያት የለኝም፣ እሷን ብቻ ብዬ ነው እያልኩ መንገዱን ሙሉ ስለማመደው ሄድኩ።

ደጇ ላይ ስቆም መጋረጃው ገለጥ ሲል አየሁ። ከመኪና ወርጄ ሦስት እርምጃ ሳልሄድ ጩኸቷን ሰማሁ። ሮጬ ስገባ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፣ ነጠላዋን ከመስቀያው ጎትታ አውርዳዋለች።

«ማን ነው?» አለችኝ። «ማን ቀርቶኝ ነው? ኑሃሚን ናት? ልጅቷ ናት?»

«ማንም የለም! አሰፋሽዬ፣ ማንም የለም፣ ሁሉም ደህና ነው። አንቺን ብዬ ነው የመጣሁት።»

«አትዋሺኝ ተናኘ። አንቺ በባዶ አትመጪም።»

በእመቤታችን ማልኩላት። ኑሃሚን ዘንድ ደውዬ ድምጿን አሰማኋት። «እሺ» አለች፣ ተነሳች፣ ፊቷን ታጥባ ሻይ ጣደች። ከዚያ በመስኮቱ ወደ መንገዱ አየች፤ ከኔ ኋላ የሚመጣ ሌላ መኪና እንዳለ ብላ ነው።

አራት ቀን አብሬአት ሰነበትኩ። ክፍሌ ተነጥፎ ነበር። ጠዋት ጠዋት ወደ ባሕሩ አብረን ሄድን፣ አየሩ እንዳለችው ነው፣ አሳምሮ ያስተነፍሳል። ልሄድ የመኪናውን በር ከፍቼ ስሰናበታት ክንዴን ያዘችኝ።

«እሺ አሁን ልትሄጂ ነው» አለች፣ «አሁን ንገሪኝ።»