ዳሌው ላይ የበራው

የሆስፒታሉን ምስል ማንሻ ማሽን የማዘው እኔ ነኝ። ዶክተሮቹ ምስሉን ያዩታል እንጂ አያነሱትም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራ ነው።

የዚያን ቀን ጠረጴዛው ላይ የተኙት አማቴ ነበሩ፤ የባሌ አባት፣ አርባ ዓመት በግንበኝነት የሠሩ ሰው። ግራ ዳሌያቸው ውስጥ ብረት ከገባላቸው ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ሦስት ወር ሙሉ ትኩሳት ሲያነሳ ሲጥላቸው ከርሞ ደማቸው ውስጥ ባክቴሪያ ተገኘ፤ የት እንደመሸገ ግን የሚያውቅ ጠፋ። ቀዶ ሐኪሙ ብረቱን ጠረጠረ። ብረቱ ከወጣ ደግሞ አማቴ ለወራት የአልጋ ቁራኛ መሆናቸው ነው። በዚህ ዕድሜ ተመልሰው መራመዳቸውንም እንጃ።

ጠዋት አዲሱን መድኃኒት ወጋኋቸው። ቀላል ጨረር የያዘ ነው፤ ባክቴሪያው ላይ ይጣበቃል፣ የተረፈው በሽንት ይወጣል፤ ያለበት ቦታ ሁሉ ምስሉ ላይ ይበራል። ሁለት ሰዓት ጠብቄ፣ ሽንት ቤት ደርሰው ሲመለሱ አስተኛኋቸውና ከፊት ለፊት አነሳሁ። ግራ ዳሌያቸው ላይ ቦግ አለ።

"አላልኩሽም?" አለ ቀዶ ሐኪሙ ከኋላዬ ቆሞ። "ነገ ጠዋት እከፍተዋለሁ።"

"ዶክተር፣ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። መጀመሪያ ከጎን ላንሳው።"

ከጎን ሳነሳው ብርሃኑ ዳሌው ውስጥ የለም። ከቆዳው ውጪ፣ ሱሪያቸው ላይ ነው። ወዲያው ገባኝ። ሽንት አምልጧቸዋል፤ ለምራታቸው እንዴት ብለው ይናገሩ? እኔ ፊት ካልሲያቸውን እንኳ አያወልቁም። ተናደድኩ፣ አንጀቴንም በሉት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያሉ ሁላችንንም የሚቆጡን እኮ እሳቸው ናቸው።

ጋውንና እርጥብ ፎጣ ሰጠኋቸው። "አባባ፣ ተጠራርገው ይህን ይልበሱ። ልብስ ምስሉን ያበላሽብኛል።" ተቀብለውኝ አቀረቀሩ።

ደግሜ አነሳሁ። ዳሌያቸው ላይ ጭላንጭል እንኳ የለም። ወገባቸው ላይ ግን፣ አከርካሪው መሀል፣ ያ ድምቀት ጋርዷት የነበረች የምስር ፍሬ የምታክል ብርሃን ተቀምጣለች። "እዚህ ነሽ ለካ" አልኳት።

ቀዶ ሐኪሙ ጠጋ ብሎ አየው። የሚከፈት ዳሌ የለም፤ ከወገብ በመርፌ ናሙና ተወስዶ ለሳምንታት መድኃኒት መውሰድ ብቻ ነው። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

"የመጀመሪያው ታዲያ ምንድነው? ስትወጊ አፍስሰሽባቸው ነው፣ አይደል? በአንቺ ዝርክርክነት ሽማግሌውን በከንቱ ልከፍታቸው ነበር።"

በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ጠብታ አፍስሼ አላውቅም። ልመልስለት አፌን ከፈትኩ፤ አማቴን አየሁና ዘጋሁት።

"ይቅርታ" አልኩ። ከዚያ በፊት ይቅርታ ስል የሰማኝ ሰው ካለ ይምጣና ይናገር።

አማቴ ጠረጴዛውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሱና ተቀመጡ።

"ዶክተር፣ ልጄን አይቆጧት" አሉ፤ ድምፃቸው ኮሪደሩ ድረስ ይሰማ ነበር። "ሽንቴ አምልጦኝ ነው።"