ከአዲሱ በርሜል የተቀዳው ኮሎኝ

ሙአላ ክብሪቱን ጭራ አልኮል ወዳለበት ሳህን አስጠጋች። ምንም አልታየም። አልተያያዘም ብላ ጣቷን ስትሰድ ነበልባሉ ለበለባት።

ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ ቆመች። በጠዋቱ ብርሃን ሳህኑ ባዶ ይመስላል፤ ወላፈኑ ግን ፊቷን ይገርፋል። ጥሩ አልኮል ሲነድ ጫፉ ቢጫ ነው። ሟች ባሏ ከእያንዳንዱ አዲስ በርሜል አንድ ማንኪያ ሳያነድ ሎሚ ጠብ አያደርግበትም ነበር። "ነበልባሉ ካልታየሽ ድፊው። ዓይን የሚያጠፋው እሱ ነው" ይላት ነበር። ትናንት ግን የኮሎኝ ሽቶ ሱቋ ወረፋ እስከ መንገዱ ደርሶ ነበር። ነገ ኢድ ነው፤ በእንግዳ መዳፍ ላይ የሎሚ ኮሎኝ የማያፈስ ቤት የለም። አሮጌው በርሜል ሲያልቅባት አዲሱን ከፈተች፤ ሳታነድ ቀላቀለች፤ ቀዳች።

ከእሱ የሞላችው ሦስት ጠርሙስ ነው። ሰዎቹ ባዶ ጠርሙሳቸውን ይዘው ስለሚመጡ ሁሉንም ታስታውሳለች።

ከሦስቱ አንዷ መምህርት ፌርዳ ስልኩን ወዲያው አነሳች።

"ጠርሙሱን ከድነሽ አስቀምጪው። ማንም እንዳይነካው፤ እጅሽንም ታጠቢ" አለቻት ሙአላ።

"ምነው፣ ሎሚው ሻገተብሽ እንዴ?"

"ሎሚው አይደለም ፌርዳ።"

ፀጉር አስተካካዩ ጠርሙሱን ገና አልከፈተውም ነበር። ካፒቴን ኑስረት ግን ስልኩን አላነሳም። ደግማ ደወለች። አሁንም አላነሳም።

ካፒቴኑ ጀልባውን ከሸጠ ወዲህ ኮሎኝ በውኃ በጥብጦ እንደሚጠጣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አምና ሴት ልጁ ፊት "ተውኩት" ብሎ ማለ። ነገ የልጅ ልጁን ይዛ የምትመጣው ያንን መሐላ ተቀብላ ነው። ትናንት ጠርሙሱን ሲያቀብላት "ለእንግዳ ነው" አላት፤ ሙአላም አመነችው። ወይም ማመኑ ቀለላት።

ሱቋን ሳትቆልፍ ዳገቱን በሩጫ ወጣች።

ካፒቴኑ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሶ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ጠርሙሱ ከከረሜላው ሳህን አጠገብ ነው። አራት ጣት ያህል ጎድሏል።

"ካፒቴን፣ ጠጥተዋል?"

"ጉልበቴን አሸሁበት።"

"የእርስዎን ብቻ ነው ወይስ የሰፈሩን ጉልበት ሁሉ?"

"ምላስሽ ዛሬም አልዶለዶመም" አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። "ይሄ ጉም ደግሞ ከባሕሩ ላይ አልነሳ አለ።"

ሙአላ ወደ ውጭ አየች። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከወደቡ ማዶ ባለችው ደሴት ላይ የወይራ ዛፎቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። የወንበሩን መደገፊያ ያዘች።

"ካፒቴን፣ ጉም የለም።"

ካፒቴኑ እጁን አንስቶ ዓይኑ ፊት ጣቶቹን ዘረጋ፤ አጠፈ፤ እንደገና ዘረጋ።

"ትናንት ማታ ነው" አለ በመጨረሻ። "ሁለት ብርጭቆ። ከዚያ በላይ አልነካሁም።"

"ተነሡ፤ ሐኪም ቤት እንሂድ።"

"ልጄ ከሰማች ሕፃኗን ዳግመኛ አታመጣልኝም።"

"ካልሄዱ ደግሞ ቢያመጧትም አያይዋትም።"

ተነሣ። ክንዷን ይዞ ወጣ።

ታክሲው ውስጥ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከላት፦ "ከየት ገዛህ ካሉኝ ከአዟሪ እላለሁ። የባልሽን ስም አላነሣም። አንቺም ለልጄ ደም ብዛቱ ተነሣበት በያት። ተረዳድተን እንለፈው።"

ሙአላ አልመለሰችም። ጠርሙሱ ጭኗ ላይ ነው። በተለጠፈበት ወረቀት ላይ የባሏና የአባቱ ስም ከሎሚ ቅርንጫፍ በታች ተጽፏል። ጥፍሯ ሳታዝዘው የወረቀቱን ጥግ መላጥ ጀምሮ ነበር። እስከ ግማሽ በቀላሉ ተላጠ። ስሙ ከጠርሙሱ ቢነሣ ሱቁ ይተርፋል፤ ነገም መዳፍ ሁሉ ሎሚ ሎሚ ይሸታል።

የአልኮል ነጋዴው መኪና ትዝ አላት። የእሷን በርሜል ሲያወርድላት መኪናው ላይ ሌሎች አራት በርሜሎች ነበሩ። ለማን እንዳደረሳቸው አታውቅም።

ድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ነርሷ ብዕሯን አነሣች። "ምን ጠጡ? ከየት የተገዛ ነው?"

"ከአዟ..." ብሎ ጀመረ ካፒቴኑ።

ሙአላ የተላጠውን ወረቀት በአውራ ጣቷ ተጭና መልሳ አጣበቀችው። ጠርሙሱን ስሙ እንዲነበብ ወደ ነርሷ አዙራ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"ከእኔ ሱቅ ነው" አለች። "በርሜሉን ያመጣውን ሰው ስም ልንገርሽ፤ ጻፊ።"